ከመዝገብ ወደ ተቋም፦ የወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የሕግ ሙያ ጉዞ ከጣና ዳርቻ ሲታይ

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2230 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የውክልና ሥልጣን በተወካዩ ሞት ይቋረጣል። ድንጋጌው ለነጋዴውም ለጠበቃውም አንድ ነው፤ በጥብቅና ሙያ ላይ የሚያስከትለው ውጤት ግን የከበደ ነው። ጠበቃ ሲሞት ደንበኛው ሌላ ሰው ፈልጎ፣ አዲስ ውክልና ሰጥቶ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይኖርበታል። ጠበቃው ታሞ ሥራውን ቢተው ወይም ወደ ሌላ ሹመት ቢሄድም የደንበኛው ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ድርጅትን ራሱን የቻለ ሕጋዊ መልክ የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 እስኪወጣ ድረስ የሙያው መሠረት ለግለሰብ የሚሰጥ ፈቃድ ነበር። ቢሮው ከሰውየው ጋር ይከፈታል፣ ከሰውየው ጋር ይዘጋል።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ችግር ይታከላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ችሎት የተገኘ ድል፣ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ በሌላ ችሎት ለተቀመጠ ዳኛ አስገዳጅ አልነበረም። ተከራካሪው ያሸነፈበት ክርክር መዝገቡ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ ተሟጋች ስሙ በአገር ይነሣ ነበር፤ ለቀጣዩ ባለጉዳይ የሚያወርሰው ደንብ ግን አልነበረም። ዘመናዊው ጠበቃም በዚህ ረገድ ለብዙ ዓመታት ከእሱ የራቀ ዕጣ አልነበረውም።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ሁለት እውነታዎች ተነሥቶ የወ/ሮ መዓዛ አሸናፊን የሙያ ጉዞ ይመረምራል። ወ/ሮ መዓዛ ዳኛ፣ የሕግ አማካሪ፣ የማኅበር መሥራች፣ በመጨረሻም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለእሳቸው ሲነገር ጎልቶ የሚነሣው አንድ ታዋቂ የወንጀል ጉዳይ ነው። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ግን ከጉዳዩ ይልቅ ጉዳዩን የያዘው ተቋም ዓይነተኛ ሥራቸው እንደሆነ፣ የተቋሙ ጥንካሬም ድክመትም እንደ ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች በግልጽ እንደሚታይ ነው።

ከዳኝነት ወንበር ወደ ማኅበር

ወ/ሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ተወልደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት አገልግለዋል፤ ቀጥሎም በሕገ መንግሥት ማርቀቁ ሂደት ለኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ይህ የመጨረሻው ኃላፊነት በሕይወት ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ቢሆንም፣ ከሙያ ጉዟቸው አንጻር ሲታይ ሁለቱን ምዕራፎች የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ዘርዝሯል፤ በአንቀጽ 37 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ማኅበራት የአባላቶቻቸውን የጋራ ወይም የግል ጥቅም ወክለው ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሕግ ተማሪዎች ስለ ሴቶች መብት ሲጽፉ አንቀጽ 35ን ይጠቅሳሉ። አንቀጽ 37 የሚታወሰው ከስንት አንዴ ነው። ይሁንና መብት የሚጠየቅበት በር ካልተከፈተ የመብቱ ዝርዝር ብቻውን አይሠራም፤ ሴት የሕግ ባለሙያዎች በማኅበር መደራጀታቸው ትርጉም የሚያገኘው ከሁለቱ አንቀጾች ተጣምሮ ነው።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ተቋቋመ፤ ወ/ሮ መዓዛ ከመሥራቾቹ አንዷና የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ነበሩ። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠትን፣ ሕግ እንዲሻሻል መወትወትንና የሕግ ግንዛቤ ማስፋትን በአንድ ጣሪያ ሥር አዋለ። ይህ አደረጃጀት በኋላ እንደሚታየው ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃቱ ነው።

የአርሲው መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ የነበረችው አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው ደፈራት። ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኩሳ ጠላፊውን ገደለችው። በሰው መግደል ተከሰሰች። ጥብቅናውን ማኅበሩ ያዘ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ወስዶ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው በማለት በነፃ አሰናበታት።

ጉዳዩን ለሕግ ተመራማሪ አስተማሪ የሚያደርገው በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋንና ራስን መከላከልን ያስቀመጠበት መንገድ ነው። ሕጋዊ መከላከል እንዲኖር ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል መሆን ነበረበት፤ አጸፋውም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን ይጠበቅበታል። ታዲያ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ጥቃቱ መቼ ያበቃል? ጠለፋውን አንድ ድርጊት፣ መድፈሩን ሌላ ድርጊት፣ ማሳደዱን ሦስተኛ ድርጊት አድርጎ ለሚቆጥር ሰው፣ ልጅቱ በተኮሰችበት ቅጽበት የሚታየው ሊመልሳት የሚከተል ሰው ብቻ ነው። ሦስቱን እንደ አንድ ያልተቋረጠ ጥቃት ለሚያይ ሰው ግን ተመልሳ ብትያዝ ምን እንደሚጠብቃት ከደረሰባት ያውቀዋል፤ ተመጣጣኝነቱንም በዚያው ይመዝናል። የመከላከያው ጉልበት የሚያርፈው በዚህ ሁለተኛ አተያይ ላይ ነው።

ይኸው አተያይ ግን ከሕጉ ሌላ ክፍል ጋር ይጋጫል። የ1949ኙ ሕግ ለጠለፋ ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 3 ዓመት የሚደርስ እስራት ብቻ ሲሆን፣ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ክሱ የሚቀርበት በርም ነበረው። በሌላ አነጋገር ሕጉ ራሱ ጠለፋን በከፊል ወደ ጋብቻ የሚያደርስ መንገድ አድርጎ ይመለከተው ነበር። እንዲህ ያለውን ድርጊት ሕይወትን እስከማጥፋት የሚያደርስ መከላከል የሚገባው ከባድ ጥቃት ነው ብሎ መከራከር፣ ለአንዲት ተከሳሽ ብቻ መከራከር አልነበረም፤ ሕጉን ከራሱ ጋር ማፋጠጥ ነበር።

ነፃ መለቀቋ ግን ሕጉን አልለወጠም፤ አስገዳጅ የሰበር ትርጉም የሚባል ነገር ገና አልነበረምና የችሎቱ ውሳኔ ከመዝገብ ቤት ውጭ ሥልጣን አልነበረውም። አበራሽም ብትሆን ነፃ ወጥታ ወደ ነበረችበት ኑሮ አልተመለሰችም፤ ከተወለደችበት ቀዬ ርቃ ለመኖር ተገዳለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ መሥራት የሚችለው ከመዝገቡ በላይ ዕድሜ ያለው አካል ብቻ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደነገገ፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ጻፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ የነበረውንና ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ የነበረውን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ሽሮ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት አድርጓል። እነዚህን ለውጦች ለአንድ ክስ ወይም ለአንድ ሰው መስጠት ተገቢ አይሆንም፤ ሕገ መንግሥቱና ዓለም አቀፍ ስምምነቶቹ ያስገድዱ ነበር፣ ሌሎች ተሟጋቾችም ነበሩ። ማኅበሩ ግን በችሎት ያየውን የሕግ ክፍተት ለሕግ አውጪው እንደ ማስረጃ ማቅረብ ከሚችሉ ጥቂት አካላት አንዱ ነበር። ደንበኞቹ የነገሩትን ያውቃል፣ ዳኞቹ የጠየቁትን ያውቃል፣ ዐቃብያነ ሕግ የቱ ላይ እንደሚሰናከሉ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በአንድ ጠበቃ ጭንቅላት ውስጥ ቢቀር ኖሮ ከጠበቃው ጋር ይሄድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃው በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው “ድፍረት” ፊልም በዚህ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልም ባለታሪክ ስለሚፈልግ ጠበቃዋን ከፊት አቁሟል፤ ማኅበሩ እንደ መነሻ ሥፍራ ብቻ ይታያል። ለሥነ ጥበብ ይህ ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ የሕግ ታሪክ ጸሐፊ ግን ፊልሙን እንደ ምንጭ ከተከተለ ዋናውን ነገር ይስታል።

ከጣና ዳርቻ ሲታይ

ማኅበሩ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ከፍቶ ሠርቷል። እዚህ ላይ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በአርሲ የታየው ጉዳይ ፈረስ፣ ጠመንጃና ሞት ያለበት ነው፤ አገር ይሰማዋል፤ ጋዜጠኛ ይመጣል። በአማራ ክልል በስፋት የሚታወቀው ችግር ግን ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። ይህ በወላጆች ስምምነት፣ በሽማግሌ ምርቃት፣ በድግስ የሚፈጸም ነው። ደም አይፈስም፣ ከሳሽም የለም። ጎረቤቱ በሠርጉ ላይ በልቶ ጠጥቶ ሄዷል፤ ማን ምስክር ይሆናል? በችሎት ብቃቱ የታወቀ ጠበቃ ሊከራከርበት የሚችለው መዝገብ ገና አልተከፈተም።

ክልሉ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት ሥር ባሉ ከተሞች ብቻ ነውና። በአዲስ አበባ የተገኘው የሕግ ለውጥ ወደ ጣና ዳርቻ ለመድረስ ሁለተኛ ሕግ አውጪ፣ ሁለተኛ ውትወታ አስፈልጎታል። የወንጀል ሕጉ ግን በመላ አገሪቱ አንድ ነው፦ በአንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ዕድሜ ሳይደርስ የተፈጸመ ጋብቻ እንዲፈርስ ማናቸውም ባለጥቅም ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ተጋቢዋ ለጋብቻ የሚፈለገውን ዕድሜ ከደረሰች በኋላ ሊቀርብ አይችልም። ይህ ድንጋጌ ጊዜን የክርክሩ ዋና ጉዳይ ያደርገዋል። አሥራ ስድስት ዓመቷ የሆነች ልጅ የሕግ ባለሙያ የምታገኝበት ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያላት። በዚያ ላይ ዕድሜዋን ማስረዳት አለባት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለተወለደች የገጠር ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት ከባድ ነው፤ ነገሩ በክርስትና ዘመን በሚያውቋት ሰዎች ቃል ወይም በሆስፒታል የዕድሜ ግምት ይወሰናል። የሆስፒታል ግምት ደግሞ በባሕርዩ ግምት ነው። 17 ወይስ 18 የሚለው ልዩነት ጋብቻውን የሚያፈርስ ወይም የሚያጸና ሆኖ ሳለ፣ መለኪያው ያን ያህል ጥራት የለውም።

ልጅቱ ከደቅ ደሴት ብትሆን በጀልባ ተሳፍራ ባሕር ዳር መድረስ ይኖርባታል። የጀልባ መክፈያ ያስፈልጋታል፤ የምታርፍበት ዘመድ ያስፈልጋታል፤ ቀጠሮ ሲለወጥ ደግሞ ተመላልሳ ይህንኑ መድገም ይኖርባታል። ከዚህ አንጻር ሲታይ የጠበቃው የንግግር ችሎታ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ፣ ባለጉዳይዋን ትናንት የተቀበለችው ባለሙያ ዛሬ ባትኖር ሌላዋ ፋይሉን አንሥታ የምትቀጥልበት ቢሮ ነው።

በመሬት ጉዳይም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም በአንድነት ይይዛል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። በፎገራ ሩዝ በሚለማበት ሜዳ ላይ በፍቺ ጊዜ ማሳው እንዴት ይከፈላል የሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት የሚጠይቅ፣ ታሪክ ሆኖ የማይነገር፣ ነገር ግን የአንዲትን ሴት የቀሪ ዘመን ኑሮ የሚወስን ነው። ፊልም ሊሠራበት የማይችል ነገር ነው። የማኅበሩና የመሰል ተቋማት የዕለት ሥራ ግን ከእንዲህ ያለው የተገነባ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር ያሉት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ይህንኑ ሸክም ይጋራሉ፤ ይህ ደግሞ የመሥራቿ ሐሳብ በሌላ ተቋም ውስጥ መልክ ሊይዝ እንደሚችል ያሳያል።

የተቋሙ ቁስል

ተቋም ከሰው ይበልጥ ይቆያል ሲባል አይጎዳም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አግዶት ነበር፤ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሥቷል። ከዚህ የከፋው ጉዳት በእገዳ ሳይሆን በገንዘብ በኩል መጣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በፍትሕ ዘርፍ እንዳይሠሩ ከለከለ። ማኅበሩ መብትን የሚመለከተውን ሥራውን ላለመተው መረጠ፤ በዚህም ምክንያት ከሠራተኞቹ የሚበዙትን አሰናብቶ አገልግሎቱን ለማጥበብ ተገደደ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ያህል አለፈ። በአሥር ዓመት ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ከአምስት ዓመት ተነሥታ አሥራ አምስት ትደርሳለች።

ወ/ሮ መዓዛ በዚህ ጊዜ ወደ ሌሎች መስኮች ተሸጋግረው ነበር፦ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአማካሪነት ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ለጀመረው እናት ባንክ ምሥረታም ግንባር ቀደም ነበሩ። ባንኩን ከጥብቅናው ነጥሎ ማየት የተለመደ ነው። ሆኖም መብትን የሚሟገት ማኅበር በገንዘብ ምንጩ በኩል ሲቆረጥ በታየበት ዘመን፣ መሥራቿ ወደ ሴቶች የገንዘብ አቅም ማዘንበላቸው ከቀድሞው ሥራቸው ያን ያህል የራቀ አይመስልም።

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ ይህን ኃላፊነት በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በእሳቸው ዘመን የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ወጥተዋል። በጥር 2015 ዓ.ም. ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። የፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚፈልግ እዚህ አይዘረዘርም፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከዳኝነት ወንበር ተነሥቶ ወደ ዳኝነት ወንበር የተመለሰው ጉዞ በሦስቱም ምዕራፎች ጥያቄው አንድ ሆኖ መቆየቱ ነው።

ድርጅቱ ዘግይቶ መጣ

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ይህ የሽርክና ዓይነት ራሱ ወደ አገሪቱ ሕግ የገባው በዚያው ዓመት በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። ከእንግዲህ ደንበኛው ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከድርጅት ጋር ሊዋዋል ይችላል፤ ጠበቃ ሲሄድ ፋይሉ ይቀራል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በማኅበርነቱ ለድኾች ሲሰጥ የኖረውን ቀጣይነት፣ ገበያው አሁን ለመክፈል አቅም ላላቸው መስጠት ጀመረ ማለት ይቻላል።

ለባሕር ዳር ግን ሁለት ነገሮች ገና አልተያያዙም። የመጀመሪያው የሥልጣን ጉዳይ ነው፦ አዋጁ የፌዴራል ጥብቅናን የሚመለከት ሲሆን፣ በክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ የሚያገኘው በክልሉ ሕግ ነው። የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና የፌዴራል ጉዳዮችን ስለሚያይ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት ችሎቶች ለጠበቃው ሁለት ሕግ ይሆኑበታል። ሁለተኛው የነፃ አገልግሎት ጉዳይ ነው። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ግዴታው የተጻፈው ለግለሰብ ጠበቃ ነው። አሥር ጠበቆች ያሉት ድርጅት 500 ሰዓቱን አሰባስቦ አንድ ባለሙያ ለዚሁ ሥራ ብቻ ቢመድብ፣ ባለሙያዋም በሳምንት የተወሰነ ቀን በጀልባ ማረፊያው አቅራቢያ ብትቀመጥ፣ ከደቅ ለምትመጣው ልጅ ከተበታተነው ሃምሳ ሃምሳ ሰዓት ይልቅ ይበጃታል። ይህ ዓይነቱ ማሰባሰብ የእያንዳንዱን ጠበቃ ግዴታ እንደ መወጣት ይቆጠራል ወይ የሚለው፣ ድርጅቶቹ እየበዙ ሲሄዱ ፈቃድ ሰጪው አካልና የጠበቆች ማኅበር በመመሪያ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።